ቪየስቴ ላይ የተከለለው ሣር

ሐምሌ 12፣ መሐል ሜዳ

ማስታወቂያ። ስንቱን ክረምት ጭቃ ሲያሻግረኝ የኖረው ጥቁር የጎማ ቦት ጫማዬ ወደ ኢጣሊያ አብሮኝ እንደማይሄድ ዛሬ ከምሳ በኋላ ተወስኗል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ያለፈ ነው፤ ድምፅ የሰጠሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቦቱ እስክመለስ ድረስ በጎረቤቴ በእማሆይ አመተሥላሴ ደጃፍ በክብር ይቆማል። ያዘነ ሁሉ እዚያው ሄዶ ሊሰናበተው ይችላል።

ሁለተኛ አጀንዳ። ቪዛው ደርሷል። ወረቀቱ የጉዞውን ዓላማ «ጉብኝት» ይለዋል፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የምሄደው ጋርጋኖ የሚሉትን፣ ከኢጣሊያ ጎን ወደ ባሕር ወጣ ብሎ የቀረውን ተራራማ አገር ለማየት ነው። ከተሞቹን፣ አሸዋውንና ጫካውን አይቼ እመለሳለሁ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ልጄ ኮከብ እዚያ ቪየስቴ በምትባል ከተማ ባል አግብታ ትኖራለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ለመስከረም መጨረሻ ይደርሳል ተብሏል። አምና አንድ ጽንስ ወጥቶባታል። ያን ጊዜ እናቷ ጌታነሽ በሕይወት ነበረች፤ «ለሚቀጥለው እኔው ሄጄ አርሳታለሁ» ብላ ከበግ ጠጉር ባና አሠርታ በሣጥን አስቀመጠች። ጌታነሽ ኅዳር ላይ አረፈች፤ ባናው ሣጥን ውስጥ አለ። ይህን የምጽፈው መዝገቡ እንዳይጎድል ብዬ ነው እንጂ ከጉብኝቱ ጋር ግንኙነት የለውም።

ውጭ በረዶ እየጣለ ነው። ቆርቆሮው የተናገረውን ያህል የወረዳ ስብሰባ ላይ ማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቃለ ጉባኤ የጻፍኩ ሰው ነኝና አውቃለሁ።

ሐምሌ 15

እማሆይ ምድጃ ፊት አስቀምጠው ማማሰያ አስጨበጡኝ። ገብስ ገንፎ። ለምን እንደምማር ስጠየቅ «የባህል ልውውጥ» እላለሁ።

«አንተ መኳንንት፣ ይሄ ብዕር አይደለም፤ ጠበቅ አርገህ ያዘው» አሉኝ። ያዝኩት። ዱቄቱን ቶሎ ነሰነስኩት መሰለኝ ገንፎው ጓል ጓል አወጣ። ለውሻቸው ሰጡት። ውሻው ገንፎውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ግቢ ሄደ።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ይነጋገሩ ነበር። አንዷ፣ ወንድ ለአራስ ሊያገነፋ ባሕር ሲሻገር ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች። ሁለተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሌላ ማን አላት» አለቻት። ለመጀመሪያዋ ደህና መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለተኛዋን ስሰማ ጋቢዬን አጣፍቼ ወደ እማሆይ ምድጃ ገሰገስኩ።

ሐምሌ 19

ሻንጣ። ገብስ ዱቄት፣ በሶ፣ ባና። በጣሳ የተነጠረ ቅቤ፤ እማሆይ ኮሰረት አብዝተውበት ቤቱ ሁሉ ሸቷል። ኮከብ ደወለች። ድምፅዋ ጥሩ ነው። «ደህና ነኝ» የምትለው ግን ጥያቄው ሳያልቅ ነው።

ዛሬም ገንፎ። ዛሬም ጓል።

ሐምሌ 22፣ ደብረ ብርሃን

መንገዱ ክፍት ነው ተብሎ ተሳፈርን። ክፍት ነበር። ከጓሳ ደጋ በላይ ጉሙ ሚኒባሱን ዋጠው፤ ሾፌሩ ግን በልቡ እያየ ነዳ። አንድ ተሳፋሪ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ባሕር ዳርቻ ልዝናና ነው አልኩት። ጋቢዬን፣ ዱላዬንና የዱቄት ከረጢቴን አየና መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም።

ሐምሌ 24፣ ባቡር ላይ፣ ከሮማ ወደ ምሥራቅ

የሐዘን መግለጫ። ትውልዱ መንዝ የሆነው የተነጠረ ቅቤ ዛሬ በአውሮፕላን ጣቢያ ከእኔ ተለይቷል። የወተት ነገር ከውጭ አይገባም ይላሉ፤ ሕጋቸው ነው፤ በሕግ አልቀየምም። የጉምሩኩ ሰው ጣሳውን ከፍቶ አሸተተና ዓይኑ ፈዘዘ። ባልደረባውን ጠርቶ አስሸተተው። ያም ሌላ ጠራ። ለቀስተኛው እየበዛ ሲሄድ ክዳኑን ገጥመው ወሰዱት።

ዱቄቱን አለፉት። ባናውን ዘርግተው አገላብጠው አዩና አጥፈው መለሱልኝ። አስተጣጠፋቸው ደህና ነበር፤ እናት ያሳደጋቸው ናቸው።

ያለ ቅቤ ገንፎ ምን ይባላል? የግድግዳ ምርጊት ይባላል። ከአሁኑ ግማሹ ሥራ ተበላሸ። ማለቴ፣ የባህል ልውውጡ።

ሐምሌ 25፣ ቪየስቴ

አማቼ ሚኬሌ ፎጃ ከሚባል ጣቢያ በመኪና ተቀበለኝ። ቀጭን፣ ፀሐይ የጠበሰው፣ ከሳቁ በስተቀር ሁሉ ነገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሥራው ባሕር ዳርቻ ላይ ጃንጥላ ማከራየት። እኔ የማውቀው ጣልያንኛ በሙሉ ከጋራዥ የተገኘ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ባትሪ። ለመኪና መንገድ ይበቃል። በስተቀኝ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ባሕር፣ መንገዱ ከኩርባ ወደ ኩርባ። ከመንዝ ወደ ቆላ ሲወረድ ያለው መንገድ መሰለኝ፤ ልዩነቱ እዚያ ታች ያለው ማሽላ ነው፣ እዚህ ውኃ። እኔ በየኩርባው «ፍሬን» እላለሁ፤ እሱ በየኩርባው «ሲ፣ ፓፓ» እያለ ፍጥነት ይጨምራል።

ኮከብ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አንገቴ ላይ ብዙ ቆየች።

«አባዬ፣ ከሳህ» አለችኝ።

«አንቺ የወፈርሽውን እንዳካክስ ነው።»

ሳቀች። ፊቷ ግን አብጧል፤ እግሯም ጫማ ውስጥ አይገባም፣ የሚኬሌን ነጠላ ጫማ ተጫምታለች። የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። የአገሩ ፋሽን ይሆናል።

ሐምሌ 28

ጉብኝቱ በይፋ ተከፈተ። ቪየስቴ በኖራ የተለሰነች፣ አፍንጫዋን ባሕር ውስጥ የነከረች ነጭ ከተማ ናት። አንዳንዱ መተላለፊያ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት የተጫኑ አህዮች ቢገናኙ ሽማግሌ ካልገባ አይተላለፉም። ከመስኮት መስኮት አንሶላ ተሰጥቷል። አሮጊቶቹ ወንበር አውጥተው በራቸው ላይ ተቀምጠው አላፊውን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ይመረምሩታል፤ በዚህ በኩል ከመሐል ሜዳ የወጣሁም አልመሰለኝ። ከአሸዋው ጫፍ አንድ ረጅም ነጭ አለት ብቻውን ቆሟል። ማንን እንደሚጠብቅ አልጠየቅሁም።

አሸዋው ላይ የሚኬሌ ጃንጥላዎች ለሰልፍ እንደወጣ ተማሪ ተደርድረዋል። ተራቁቶ ስለሚተኛው ሕዝብ አስተያየት የለኝም። ዓይኔን ወደ ባሕሩ አዞርኩ፤ ባሕሩም በነሱ ተሞልቷል። ሚኬሌ ና ግባ ሲለኝ በእጄ እምቢታዬን አስታወቅሁ። የመንዝ ሰው ውኃ ውስጥ የሚገባው ለጸበል ነው፤ ወይም ድልድይ ሲፈርስ።

ከዚያ ልቤን ያሞቀ ነገር አየሁ። ከጃንጥላዎቹ ወዲያ፣ የአሸዋው ጥግ ላይ፣ በችካል ገመድ ተወጥሮ አንዲት ቦታ ተከልላለች። ውስጧ ጥቂት የባሕር ሣር ቆሟል። ወዲያው ገባኝ። እኛ ዘንድ ጓሳ ላይ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ሲከለል፣ ሽማግሌዎች መክረው «ይከፈት» እስኪሉ ድረስ ከብትም ማጭድም አይገባበትም፤ እኔ ራሴ በወጣትነቴ ጠባቂ ሆኜ ክረምቱን ቆሜበታለሁ። እነዚህም ሣራቸውን ከልለዋል። አስተዋይ ሕዝብ ነው። ሣሩ ለአንድ ዶሮ ቤት ክዳን ባይበቃም፣ ዋናው ሥርዓቱ ነው።

አንድ ሰው እርጥብ ፎጣውን ገመዱ ላይ ሊያሰጣ ሲል በዱላዬ አንሥቼ መለስኩለት፤ አጭር ንግግርም በአማርኛ አደረግሁለት። ይቅርታ ጠየቀኝ መሰለኝ።

ኮከብ አብራን አልወጣችም። ከመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። የሚኬሌ እናት ሲኞራ አሱንታ ታች ቤት ትኖራለች፤ እንደኔው ባሏን የቀበረች፣ አጭር፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሻለቃ ማዕርግ ያላት ሴት። ለምሳ እግሩ የበዛ የባሕር ፍጡር አቀረበች። አይሆንም አልኩ። ዓሣ አመጣች፤ አይሆንም። አይብ፤ አይሆንም። ዕንቁላል፤ አይሆንም። ታመመ ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ኮከብ ካስረዳቻት በኋላ የቁም ሣጥኑን በር በኃይል ዘጋችና ወጣች። የሁለት አገር ግንኙነት ተበላሸ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስትመለስ በሳህን የተፈጨ ባቄላ፣ ላዩ ዘይት የፈሰሰበት፣ በጎኑ የተቀቀለ ጎመን ይዛ መጣች። ቀመስኩ። እልበት ነው። ሰናፍጭ የጎደለው እልበት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የዘይቱ ነው። ስትደግምልኝ «ፍሬን» አልኳት። ገብቷታል፤ ግን አልያዘችም።

ኮከብም እጾማለሁ አለች። ለእማሆይ ደወልኩ። «ሆዷ ውስጥ ያለው ገና አልተጠመቀም፤ ጾም ምን እንደሆነ አያውቅም። ትብላ በላት» አሉ። ስለ ገንፎው ጠየቁ፤ መስመሩ ተበላሸ አልኩና ዘጋሁ።

ነሐሴ 6

ሹመት። ጠዋት ጠዋት ዱላዬን ይዤ ገመዱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዛሬ አጭር ሱሪ የለበሱ የአንድ ማኅበር ሰዎች መጥተው ከበቡኝ። ጠየቁኝ፤ «ጓሳ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ጨበጡኝ፣ አብረውኝ ፎቶ ተነሡ፣ ብርቱካንማ የሚያብረቀርቅ ሰደርያም አለበሱኝ። ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለበት፤ ማዕርጌ መሆን አለበት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያው ሹመቴ ነው።

ቤት ገብቼ የሣር ጠባቂ መሆኔን ለኮከብ በይፋ አስታወቅኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አባዬ፣ አታስቀኝ፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

ሐኪም ሳቅ ሲከለክል ሰምቼ አላውቅም። ሌላስ ምን ከለከለሽ አልኳት። ጨው አለች። ሌላስ። ደረጃ። ሌላስ ስል ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የውሸት ስትተኛ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል።

ነሐሴ 12

ለጉብኝት ያህል ሚኬሌ ሞንቴ ሳንታንጄሎ ወሰደኝ። ተራራው ራስ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት፤ ነፋሷ መንዝ መንዝ ይላል፣ ጋቢዬም በመጨረሻ ሥራ አገኘ። መካከሏ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ዋሻ አለ። ወደ ቤተ መቅደስ ይወጣል ስል እዚህ ወደ ታች ነው የሚወረደው፤ ደረጃው አያልቅም። ከጥንት የመጡ መንገደኞች መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው ዙሪያውን ቀርጸው ሄደዋል። እጅ ብቻ፤ ስም የለ፣ ቀን የለ። በጽሕፈት ሥራ ላረጀ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

አንዱ መዳፍ ላይ እጄን አስቀመጥኩ። ልክ መጣ።

በቦታው ያልኩት ነገር አለ። በአማርኛ ነው፣ አጭር ነው፣ እንደ ስለትም ነው። በዚህ መዝገብ አይሰፍርም። ሚኬሌም ጥግ ቆሞ የራሱን አለ። ስንወጣ ሁለታችንም ስለ አየሩ ተነጋገርን፤ እሱ በጣልያንኛ፣ እኔ በአማርኛ።

ነሐሴ 19

ጾሙ ተፈታ። ሚኬሌ መሐል አገር ያለውን ጫካ አሳየኝ፤ የጥላ ጫካ እንደማለት ነው ስሙ። በነሐሴ ቀትር እዚያ ውስጥ ይመሻል። ግንዱ ሁሉ እንደ ግራጫ ምሰሶ ለስልሶ ቆሟል፤ ከሥሩ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ግራጫ ከብቶች ይግጣሉ። ቀረብ ብዬ ጡታቸውን መረመርኩ። ደህና ቅቤ የሚወጣቸው ናቸው። ሚኬሌ የወደድኩት ጫካውን መስሎት ደስ አለው።

ስልኩ ጮኸ። ራቅ ብሎ አናገረ፤ ብዙ ሰማ፣ ትንሽ ተናገረ። ሲመለስ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝና የራሱን ሳይበላ ያዘው። ከዚያ ብዙ አወራኝ። ከሁሉ የያዝኩት «ኮከብ» የሚለውን ነው፤ ደግሞ ደረቱን እየነካ ደጋግሞ «ፓውራ» አለ። እኔም በአማርኛ መለስኩለት፤ ያልኩት ለራሴም አዲስ ነበር።

ማታ ኮከብን «ፓውራ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

«አንድ ሰው። ጫካ ውስጥ።»

«ፍርሃት ነው» አለች።

አውሬ አይቶ ይሆናል አልኳት።

ነሐሴ 26

ጠዋት ራሷን አመማት። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል አለች። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ሚኬሌ መኪና። አሱንታ መቁጠሪያዋን ይዛ ከኋላ። ሆስፒታሉ ከተራራው ወዲያ ነው። ኩርባ፣ ኩርባ፣ ኩርባ። ዛሬ ፍሬን አላልኩም።

ባናውን አለበስኳት። በዚህ ሙቀት። አላወለቀችውም።

ወደ ውስጥ ወሰዷት። ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። ጌታነሽ ብትሆን ምን እንደምትጠይቅ ታውቅ ነበር። እኔ የማውቀው የመኪና ዕቃ ስም ነው።

ነሐሴ 29

እዚያው አስተኝተዋታል። ትንሽ ቀን ሆዷ ውስጥ ቢቆይ ለሕፃኑ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቢቆይ ለእሷ ጥሩ አይደለም፤ የሐኪሞቹ ንግግር ሲጠቀለል ይኸው ነው። ሚኬሌ ከእሷ ጋር ያድራል። እኔን ወደ ቪየስቴ መለሱኝ፤ ኮሪደር ላይ ዱላ ይዞ የሚቆም ሰው ነርሶቹን ያስፈራ ጀመር።

አሱንታ ምግብ ታመጣለች። አልበላም። እሷም አትበላም። ሳህኑን መሐላችን አድርገን እንጠብቀዋለን።

ዛሬ ኮከብ ራሷ ደወለች። ስለ ሐኪም፣ ስለ ደም፣ ስለ መርፌ ይሆናል ብዬ ተዘጋጀሁ።

«አባዬ፣ ሣርህ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው። ማንም አልነካውም።»

«ጠብቀው እሺ?»

«እጠብቀዋለሁ።»

ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታም ወርጄ እቀመጣለሁ። ሰደርያው በጨለማ ያበራል፤ ሰው ከሩቅ አይቶ ይሸሻል። በዓለም ላይ እንደዚህች ሣር የተጠበቀ ሣር የለም።

ጳጉሜ 1

ለትክክለኛነቱ ስል የዛሬውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፣ ቢያሳፍርም።

ጳጉሜ ስለሆነ ሳይነጋ ወደ ውኃው ወረድኩ። እኛ አገር በእነዚህ ቀናት ወንዙም ዝናቡም ጸበል ነው፤ ሰው በጎሕ ወርዶ ይታጠባል። እኔ ግን ወደ ባሕሩ አልገባሁም፤ ዳር ቆሜ አየሁት። ስመለስ ገመዱ ውስጥ አሸዋው ዝቅ ብሎ ይርመሰመሳል። ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ሌላ። ሌላ። ጓሳ ላይ ሣር የሚያጠፋው ፍልፈል ነው፤ ፍልፈልም መሰለኝ። ስንት ጊዜ የጠበቅሁትን ሣር በዓይኔ እያየሁ ሊግጥብኝ። ዱላዬን አነሣሁ።

እንኳንም አላወረድኩት። ፍልፈሉ ጀርባው ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። በእግሩ ፋንታ መቅዘፊያ አለው። ኤሊ ነው፤ ሣንቲም የሚያህል ራስ ያለው የባሕር ኤሊ። አሸዋው ሥር ዕንቁላል ኖሯል፤ ገመዱ የተወጠረው ለእሱ ነው። ሣሩ እግዚአብሔር ያበቀለው ነው፣ ማንም የፈለገው አልነበረም።

የማኅበሩ ሰዎች ሮጠው መጡ፣ እያለቀሱ አቀፉኝ፣ ለካ እኔ ዋናው ጠባቂያቸው ነበርኩ። ዱላው ለምን እንደተነሣ ማንም አልጠየቀም፤ ሰላምታ መስሏቸዋል። አንዱ ኤሊ ተገልብጦ ሲንፈራገጥ ላቃናው ጎንበስ ስል አንዲት ልጅ ጣቷን ነቅንቃ ከለከለችኝ። የተከለለ አይነካም እያለች፤ ለእኔ። በገዛ እጁ ተገላበጠና ሄደ። ማዕበሉ መለሰው። እንደገና ሄደ። ባሕሩ እስኪወስደው ድረስ ቆሜ አየሁ።

ለኮከብ ደወልኩ። ያየሁትን ሁሉ ከነዱላው ነገርኳት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የተከለከለውን ሳቅ ሳቀች።

«አባዬ፣ ሣርህ ወለደ።»

ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል

ጠዋት አሱንታ በሬን ደበደበች፤ ሚኬሌ ደውሎ ዛሬ ኮከብን በቀዶ ሕክምና ሊያዋልዷት እንደወሰኑ ነግሯታል። መኪና ያለው ዘመድ እስኪመጣ ጠብቅ አለችኝ በእጇ። ዛሬ ሩፋኤል ነው፤ ማሕፀን የሚፈታው መልአክ። ሰማዩ ሳይጠበቅ ጠቆረና ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አገሬ ቢሆን ሰው ሁሉ ውጭ ወጥቶ ራሱን ለዝናቡ ይሰጥ ነበር።

ወረድኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። ሌላውን ሁሉ እንደለበስኩ፣ ሰደርያውን ጭምር፣ ገባሁ። ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት። ጨው እንደሆነ ሰምቼ ነበር፤ ይህን ያህል ጨው ነው ያለኝ ግን የለም። «ማሕፀን የምትፈታ አንተ፣ የልጄንም በሰላም ፍታልኝ» አልኩት መልአኩን፤ ግዕዙ ጠፍቶብኝ በተራ አማርኛ ነው። ጃንጥላ ሥር ያሉት ሰዎች ቆመው አዩኝ። ዋና የማይችል ጠባቂ ምን ሊያድን እንደገባ ሳይገርማቸው አልቀረም።

አሱንታ ከዳር ሆና ስትጮህ ወጣሁ። የዘመዷ መኪና ወንበር እስከ ሆስፒታሉ ድረስ በኔ ረጠበ።

ሚኬሌ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲመጣ አየሁት። ከሩቅ ፊቱ አይነበብም። ቀረበ። አነበብኩት።

ሁለቱም ደህና ናቸው።

ድጋሚ እጽፈዋለሁ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሴት ናት። ትንሽ ናት፣ ትጮኻለች፣ ጩኸቷ ከቁመቷ ይበልጣል። የእናቲቱ የደም ግፊት እየወረደ ነው።

እልል የሚል አጣን። ወንድ እልል አይልም፤ አሱንታም አታውቅበትም። ለእማሆይ በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን ወደ ላይ ያዝኩት። እማሆይ ከመሐል ሜዳ፣ ዝናቡን ከኋላቸው አድርገው፣ ለሴት ልጅ ከሚገባው አልፈው፣ ለወንድ ከሚገባውም አልፈው እልልታውን ለቀቁት። ነርሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ብትወጣም ማንን ዝም እንደምታሰኝ አላወቀችም። አሱንታ በዚያው ተማረች። ከዚያ እሷን ማስቆም አቃተን፤ «ፍሬን» ብላትም።

ስሙ ላይ ጠብ ይነሣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እኔ ዕለቱ ሩፋኤል ነው ስል፣ አሱንታ በበኩሏ «ራፋኤላ» አለች። አስተርጓሚ ሳይገባ ተስማማን። በእኔ ዕድሜ አጀንዳ ያለ ክርክር ሲያልፍ ያየሁት ይህ ብቻ ነው።

ጳጉሜ 5

እዚያ ጫካ ውስጥ ያየኋቸው ከብቶች ቅቤ ሰጡ። አሱንታ አነጠረች፤ እኔ ውኃ ጣድኩ። አሱንታ ጨው ስታነሣ እጇን ያዝኩ። ዱቄቱን ቀስ ብዬ ነሰነስኩ፣ እማሆይ እንዳሉኝ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፣ አማሰልኩ፣ ላቤ ፈሰሰ። በሳህን ሸፍነን፣ በፎጣ ጠቅልለን፣ በኩርባው ሁሉ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት።

ኮከብ ባናውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው። ቆርሳ፣ ቅቤው ውስጥ ነክራ ጎረሰች። ስታኝክ ቆመች።

«አባዬ፣ ጓል አለው።»

«አውቃለሁ።»

«የእማዬም ነበረው» አለች።

ለካ። ስንት ዓመት አብሬያት በልቼ እኔ አላስተዋልኩም። ጓሉን ፈልጋ ፈልጋ በላችው፤ ሳህኑን ጠረገችው። እኔ ወደ መስኮቱ ሄጄ የተራራውን ገጽታ ጎበኘሁ። ለረጅም ጊዜ ጎበኘሁ።

ጥቅምት 12፣ መሐል ሜዳ

ገባሁ። ውርጩ ወርዷል፤ ገብሱ ነጥቷል። ቦቱ እማሆይ ደጃፍ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አንዱ ውስጥ ዶሮ ዕንቁላል ጥላበታለች። እስክትፈለፍል ድረስ እንዳይነካ አዘዝኩ።

ኮከብ ጠዋት ደወለች። ራፋኤላ ጡት ይዛ ትጣላለች፣ ወፍራለች፣ ቁርጥ አሱንታ ናት አለች። አሱንታ አጠገቧ ሆና አንድ እልልታ ለቀቀች።

ዛሬ የወሩ ሚካኤል ነውና ዋሻው ውስጥ ያልኩትን ፈጽሜአለሁ። ስለቱ ጃንጥላ ነበር። ይህን ለሚኬሌ ስነግረው ከመጋዘኑ አዲስ፣ ቢጫ፣ ዳሩ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው የባሕር ዳርቻ ጃንጥላ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ገንዘብ ሳሳየው ተቀየመ። በአውሮፕላን ስትመጣ ጉምሩክ ቀና ብሎ አላያትም፤ ዕድሏ ከቅቤው ተሻለ። የሰፈራችን ሚካኤል አለቃ ዘርግተው አዩዋት። የታቦት ጥላ ለመሆን ግርማው አላት አሉ። የዘንጓ ጫፍ ግን ለምን እንደሾለ ጠየቁኝ።

«አሸዋ ላይ እንዲተከል ነው፣ አባ።»

«አሸዋ?» አሉና አሰቡበት። «እንግዲህ ጭቃም ላይ ይተከላል።»

ተቀበሉኝ።

ማረሚያ። በዚህ መዝገብ በሐምሌ 12 ቀን የጉዞው ዓላማ «ጉብኝት» እንደሆነና ጸሐፊው «ሌላ ጉዳይ» እንደሌለው የሰፈረው ቃል ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ ተሠርዞ፣ በምትኩ «ጌታነሽ ልትሄድበት የነበረው ጉዳይ» ተብሎ እንዲነበብ። ጉዳዩ በሰላም ስለተፈጸመ መዝገቡ ይዘጋ።